በስም 38፣ በልክ 357

አሜሪካ ውስጥ ካሉት የአደን መሣሪያ መደብሮች ወደ አንዱ ብትገቡና «38» የሚል ጽሑፍ ያለበትን የጥይት ፓኮ ገዝታችሁ የአንዱን ጥይት እርሳስ በማይክሮሜትር ብትለኩት፣ የምታገኙት ቁጥር 0.38 ኢንች አይደለም። 0.357 ወይም 0.358 ነው። «44» የተባለውንም ብትለኩ የምታገኙት 0.429 ወይም 0.430 ነው። ሻጩ አላታለላችሁም፤ ፋብሪካውም አልተሳሳተም። ስሙ ከአንድ ዘመን የተወረሰ ሲሆን ልኩ ግን የሌላ ዘመን ነው።

«ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ አትጠፉም። በምንኖርበት አገር እርሳስ አቅልጦ የራሱን ጥይት በቤቱ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። በመካከላችንም አደን የሚወድዱ፣ ዒላማ የሚተኩሱ፣ ከአሜሪካዊ ጎረቤታቸው ይህን ሙያ መማር የጀመሩ አሉ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚጋጥማቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ የቀዘቀዘውን እርሳስ በስንት ልክ ቀለበት ላሳልፈው? ጥያቄው የአንድ ዕቃ ግዢ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን መልሱን ለማግኘት ሰዎች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። በተሳሳተ መንገድ ከመለሱት አንዳንዶቹ ዒላማቸውን ስተዋል፤ ሌሎች ደግሞ በሕይወታቸው ከፍለዋል። ጉዳዩን ከሥሩ እንድናየው ታሪኩን በቅደም ተከተል ላውጋችሁ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የንጉሡ ሐውልት

ሐምሌ 9 ቀን 1776 ዓ.ም. የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ በኒው ዮርክ ከተማ ለጆርጅ ዋሽንግተን ወታደሮች ተነበበ። በዚያው ምሽት ሕዝቡ ቦውሊንግ ግሪን ወደተባለው አደባባይ ጎርፎ፣ በፈረስ ላይ የተቀመጠውን የእንግሊዙን ንጉሥ የሣልሳዊ ጆርጅን ሐውልት በገመድ ስቦ ጣለው። ሐውልቱ ከላይ ወርቅ የተለበጠ ይሁን እንጂ ውስጡ እርሳስ ነበር። ከስብርባሪው አብዛኛው ተጭኖ ኮነቲከት ውስጥ ሊችፊልድ ወደምትባለው ከተማ፣ የነጻነቱን አዋጅ ከፈረሙት ሰዎች አንዱ ወደ ነበረው ወደ ኦሊቨር ዎልኮት ቤት ተወሰደ። በዚያም የቤተሰቡና የጎረቤቱ ሴቶችና ልጆች ተሰብስበው እርሳሱን አቀለጡት፤ በቅርጽ ማውጫ እያፈሰሱም ጥይት አደረጉት። ዎልኮት እያንዳንዱ ሰው ስንት እንደሠራ መዝግቦ ነበር። ድምሩ 42,088 ጥይት ነው። የንጉሡ ምስል ተመልሶ ወደ ንጉሡ ወታደሮች ተተኮሰ ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጆችና የቤት እመቤቶች ያለ ማይክሮሜትር፣ ያለ ልክ ማስያዣ መሣሪያ፣ እንዴት ለአንድ ሠራዊት የሚሆን ጥይት ሊሠሩ ቻሉ?

መልሱ በጊዜው ጠመንጃ አሠራር ላይ ነው። ያኔ ወታደሩ የሚይዘው ጠመንጃ ቱቦው ልሙጥ ሲሆን የሚጎርሰውም በአፈሙዙ ነበር። «ብራውን ቤስ» የተባለው የእንግሊዞች ጠመንጃ ቱቦው 0.75 ኢንች ያህል ሲሆን፣ ድብልብሉ ጥይት ግን 0.69 ኢንች ያህል ብቻ ነበር። በመካከሉ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ክፍተት አለ። ክፍተቱ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል በቱቦው ውስጥ ብዙ ጥቀርሻ ይተዋል፤ ጥይቱ ጠባብ ቢሆን ኖሮ ወታደሩ ጥቂት ከተኮሰ በኋላ የሚቀጥለውን ወደ ታች መግፋት ያቅተው ነበር። ሰፋ ያለው ቱቦ የጥይቱን ትንሽ ጉድለት ሁሉ ይምራል። ዋጋው ደግሞ ጥይቱ በቱቦው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተጋጨ ስለሚወጣ ከመቶ እርምጃ በላይ ያለን አንድ ሰው ለይቶ መምታት የዕድል ነገር መሆኑ ነበር።

የዚያ ዘመን ሰው የጠመንጃውን ልክ የሚናገረውም በማስመሪያ ሳይሆን በሚዛን ነበር። አንድ ፓውንድ እርሳስ በእኩል ተከፋፍሎ ስንት ድብልብል ቢሆን ቱቦውን ይሞላል? ይህ ነው መለኪያው። ዛሬም «12» ቁጥር የሚባለው የወፍ ማደኛ ጠመንጃ ስሙን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ከአንድ ፓውንድ 12 ጥይት ይወጣል ማለት ሲሆን ቱቦው 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ቁጥሩ ሲጨምር ቱቦው የሚጠበው ስለዚህ ነው።

ጨርቁ ያስተካከለው

በዚያው ዘመን ግን በፔንሲልቬኒያ የሰፈሩ የጀርመን አንጥረኞች ሌላ ዓይነት ጠመንጃ ይሠሩ ነበር። በቱቦው ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ይቀርጻሉ። ጥይቱ ቦዩን ተከትሎ እየተሽከረከረ ሲወጣ አቅጣጫውን ይጠብቃል። ነገር ግን ቦዩ ሥራውን እንዲሠራ ጥይቱ ቱቦውን ጥብቅ አድርጎ መያዝ አለበት።

እነዚያ አንጥረኞች ቱቦውን የሚበሱት በእጅ ስለነበረ የአንዱ ጠመንጃ ልክ ከሌላው አይገጥምም ነበር። መፍትሔያቸው ቀላል ነው። ጠመንጃውን ሲሸጡ ለዚያ ጠመንጃ ብቻ የተሠራ ቅርጽ ማውጫ አብረው ይሰጡ ነበር። ገዢው እርሳሱን በምድጃው ላይ አቅልጦ በዚያ ያፈስሳል። ጥይቱ ከቱቦው ጥቂት ያንሳል፤ ቀሪውን ክፍተት የሚሞላው በስብ የራሰ ቁራጭ ጨርቅ ነው። ጥይቱ ትንሽ ቢያንስ ወፈር ያለ ጨርቅ፣ ቢተልቅ ሳሳ ያለ ጨርቅ ይደረግለታል። ዛሬ ልክ ማስያዣው ቀለበት የሚሠራውን ሥራ ያኔ ጨርቁ ይሠራው ነበር ማለት ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። አዳኙ ጥይቱን የለካው በጠመንጃው ስም ሳይሆን በራሱ በጠመንጃው ነበር። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው። ጥብቅ ጥይት በዱላ እየገፉ ማጉረስ ጊዜ ይፈጃል፤ በጦር ሜዳ ደግሞ ጊዜ ሕይወት ነው።

ጥብቅ ልክ ቅባት ይፈልጋል

ሁለቱን ማለትም ፍጥነትንና ጥብቀትን ያስታረቀው ክሎድ ኤትየን ሚኒዬ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን ነው። በ1849 ዓ.ም. ያቀረበው ጥይት ድብልብል ሳይሆን ሾጣጣ ነበር፤ ግርጌውም ባዶ ነው። ከቱቦው ጥቂት ስለሚያንስ በቀላሉ ይጎርሳል፤ ባሩዱ ሲቀጣጠል ግን ግፊቱ ባዶውን ግርጌ ከፍቶ ከቦዩ ጋር ያጣብቀዋል። እንግሊዞች ይህን ሐሳብ ወስደው «ኤንፊልድ» የተባለውን የ1853 ዓ.ም. ጠመንጃ አወጡ። ቱቦው 0.577 ኢንች፣ ጥይቱ 0.568 ኢንች ነበር። ብራውን ቤስ ላይ ስድስት መቶኛ ኢንች የነበረው ክፍተት ከአንድ መቶኛ በታች ወረደ ማለት ነው።

ክፍተቱ እንዲህ ሲጠብ ቅባት የግድ ሆነ። ባሩዱና ጥይቱ የተጠቀለሉበት ወረቀት በስብ ይነከራል። ወታደሩ ወረቀቱን በጥርሱ ቀድዶ ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈስሳል፤ ከዚያ ጥይቱን ከነቅባቱ ይገፋል። ለእንግሊዝ ገበሬ ልጅ በዚህ ውስጥ ምንም የሚያስቸግር ነገር የለም። በ1857 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ይህ ጥይት በእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሥር ላገለገሉት ሕንዳውያን ወታደሮች ሊሰጥ ሲል፣ ቅባቱ የላምና የአሳማ ስብ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ለሂንዱው ላም የተቀደሰች ናት፤ ለሙስሊሙ አሳማ እርም ነው። ሁለቱም ያንን ወረቀት በጥርሳቸው እንዲነክሱ ሊታዘዙ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን የዚህን ክብደት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ሠርግ ቤት ሁለት ድንኳን ተክሎ፣ ለየብቻ አሳርዶ፣ በፍቅር በልቶ በሚለያይበት አገር ላደገ ሰው፣ ወደ አፍ የሚገባ ስብ የሃይማኖት ጉዳይ እንጂ የመሣሪያ ጉዳይ አይደለም። በለንደን ልኩን ያወጡት ባለሙያዎች የቱቦውን ስፋት እስከ ሺኛ ኢንች አውቀውታል። ጥይቱን የሚነክሰውን ሰው ግን አልለኩትም ነበር።

መጋቢት 29 ቀን ማንጋል ፓንዴ የተባለ ወታደር በባራክፖር አለቆቹ ላይ መሣሪያ አነሣ፤ ሚያዝያ 8 ቀን ተሰቀለ። ሚያዝያ 24 ቀን በሚረት ከተማ ከተሰለፉት 90 ፈረሰኞች 85ቱ ጥይቱን አንቀበልም አሉ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት በዚያ ቀን የቀረበላቸው አዲሱ ጥይት ሳይሆን ድሮ የሚያውቁት ዓይነት ነበር፤ ግን እምነት አንዴ ከፈረሰ በኋላ ማብራሪያ ማን ይሰማል? አብዛኞቹ የ10 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ግንቦት 9 ቀንም በጓደኞቻቸው ፊት በእግር ብረት ታሰሩ። በማግስቱ ሚረት ተነሣች፤ እሳቱም ወደ ደልሂና ወደ ሰሜን ሕንድ ተዛመተ። በሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። በ1858 ዓ.ም. ኩባንያው ሥልጣኑን ተነጥቆ ሕንድ በቀጥታ ከእንግሊዝ ዘውድ ሥር ሆነች።

ያን ሁሉ ጥይት ብቻውን አመጣው ማለቴ አይደለም። የተነጠቀ ግዛት፣ የደመወዝ ቅሬታ፣ የመሬት ጉዳይ፣ ሃይማኖታችን ሊጠፋ ነው የሚል ስጋት ሁሉ ተደራርበው ነበር። ጥይቱ ክብሪቱ ነው። ከዚያ በኋላ የኤንፊልዱ ጥይት ከ0.568 ወደ 0.550 ኢንች እንዲቀንስ ተደረገ፤ በቀላሉ ይጎርስ ዘንድ።

ያው ጠመንጃ ወደ እኛ አገር

ኤንፊልድ በዚህ አላበቃም። እንግሊዞች በ1860ዎቹ የኋላውን ከፍተው፣ ጥይቱ ከነቀለሁ በኋላ በኩል እንዲገባ አድርገው አሻሻሉት። ያሻሻለውም ስናይደር የተባለ ሰው ነበር። የጄኔራል ናፒየር ጦር በ1868 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲወጣ እንግሊዛውያኑ ወታደሮች የያዙት ይህንኑ ነው። አያቶቻችን «ሰናድር» ያሉት እርሱ ነው። የሕንዱ ጠመንጃ ልጅ ማለት ነው።

የብረት ቀለህ መምጣት የልክን ጉዳይ ከባለጠመንጃው እጅ ወስዶ ለፋብሪካ ሰጠው። ጥይቱ፣ ባሩዱና ቀለሁ አንድ ላይ ተገጥመው ይመጣሉ፤ ወታደሩ ቅርጽ ማውጫም ቅባትም አያስፈልገውም። ፈረንሳዮች በ1874 ዓ.ም. ያወጡት 11 ሚሊ ሜትሩ የግራ ጠመንጃ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። «ፉዚ ግራ» የሚለውን የፈረንሳይኛ ስሙን አገራችን «ውጅግራ» አለው። ፈረንሳይ በ1886 ዓ.ም. ለቤል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ስታወጣ አሮጌው ውጅግራ በገፍ ለሽያጭ ቀረበ፤ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩልም ብዙው ወደ ኢትዮጵያ ገባ።

ነገር ግን የፋብሪካ ጥይት ሌላ ጣጣ አመጣ። በ1896 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት የያዘው ጠመንጃ ከብዙ አገር የተሰበሰበ ነበር፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ቀድሞ ሰው እርሳስና ባሩድ ካገኘ ይበቃው ነበር፤ አሁን ግን ለጠመንጃው የተሠራው ቀለህ ከሌለው ጠመንጃው ዱላ ነው። የውጅግራ ጥይት በገበያችን እንደ አሞሌ ጨው በገንዘብነት ሲዘዋወር የኖረበት ምክንያት ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ልኩ የታወቀ፣ ለብዙ ሰው የሚሆን፣ በቀላሉም የማይሠራ ዕቃ ዋጋ ያወጣል።

ስሙ የቀረበት ዘመን

አሁን ወደ ጀመርንበት ወደ «38» ልመልሳችሁ። በ1870ዎቹ አሜሪካኖች በአፈሙዝና በጎማው ፊት የሚጎርሱትን አሮጌ ሽጉጦቻቸውን ለብረት ቀለህ እንዲሆኑ አድርገው ይቀይሩ ነበር። የእነዚህ ሽጉጦች ቱቦ 0.375 ኢንች ያህል ነበር። የጥይቱ ወርድ ከቀለሁ የውጭ ወርድ ጋር እኩል ሲሆን፣ ቀጠን ያለው ግርጌው ብቻ በቀለሁ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ቀለሁም ጥይቱም በግምት «38» ነበሩ፤ ስሙ አልዋሸም።

የዚህ አሠራር ችግር ቅባቱ ከቀለሁ ውጪ መሆኑ ነው። ኪስ ያቆሽሻል፤ አቧራና አሸዋም ይሰበስባል። ስለዚህ ጥይቱ ከነቅባቱ ወደ ቀለሁ ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። በቀለሁ ውስጥ ለመግባት ግን ከግድግዳው ውፍረት ያህል መቀነስ አለበት፤ ወደ 0.357 ወረደ። ቀለሁ ስላልተለወጠ ስሙም አልተለወጠም። ከ60 ዓመት በኋላ በ1935 ዓ.ም. ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከዚሁ ዘር የሆነውን ጠንካራ ጥይት ሲያወጣ ነው እውነተኛው ቁጥር በስሙ ላይ የተጻፈው፤ «357 ማግነም» ተባለ።

«45 ኮልት»ም ከዚህ አያመልጥም። ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠሩት ሽጉጦች ቦያቸው 0.454 ኢንች ያህል ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩት ግን በአብዛኛው 0.451 ወይም 0.452 ናቸው። በሁለቱም ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው። ለአሮጌው የተሠራውን ለአዲሱ፣ ለአዲሱ የተሠራውን ለአሮጌው የሚያጎርስ ሰው ስሙን አምኖ ልኩን ይስታል።

በቤት ጥይት የመሥራት ልማድ በአሜሪካ ያልሞተው መንደሩና ፋብሪካው ይራራቁ ስለነበር ነው። በ1884 ዓ.ም. ጆን ባርሎው የተባለ ሰው ኮነቲከት ውስጥ አይዲያል የተባለ ድርጅት አቋቁሞ እንደ ጉጠት በእጅ የሚጨበጥ መሣሪያ መሸጥ ጀመረ። ገበሬውና አዳኙ በዚያ አንድ መሣሪያ ቀለሁን መልሶ ይሞላል። ቆየት ብሎም ጥይቱን በአንድ ጊዜ ቅባት የሚቀባና ልክ የሚያስይዝ መሣሪያ ተጨመረ። ድርጅቱ በ1925 ዓ.ም. ላይማን ወደተባለው ድርጅት ዞረ።

ለጠንካራ ጥይት የሚሆነውን ብረት ያቀርብ ከነበረው ቤት አንዱ ደግሞ ማተሚያ ቤት ነበር። ላይኖታይፕ የተባለው የፊደል መልቀሚያ ማሽን የሚያቀልጠው ብረት ከመቶ 84 እጅ እርሳስ፣ 12 እጅ አንቲሞኒ፣ 4 እጅ ቆርቆሮ ነው። ጋዜጦች በ1970ዎቹ ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገሩ ያ ሁሉ ፊደል ተራገፈ፤ ብዙውም በጥይት ሠሪዎች ድስት ውስጥ ገባ። የንጉሥ ሐውልት ጥይት ከሆነ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የጋዜጣ ፊደልም ጥይት ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ቀለበቱን እንዴት እንምረጥ?

ከቅርጽ ማውጫው የሚወጣ ጥይት ፍጹም ክብ አይሆንም። እንደ እርሳሱ ቅልቅልና እንደ ሙቀቱም ልኩ ይለያያል። ስለዚህ ጥቂት አተልቀው ያፈስሱትና ጠንካራ በሆነ የብረት ቀለበት ውስጥ በግፊት ያሳልፉታል። ስንት ልክ ያለው ቀለበት? መልሱ ከታሪኩ ጋር አንድ ነው፤ ስሙን ሳይሆን ጠመንጃውን ጠይቁ።

መጀመሪያ መሣሪያው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ከዚያ ቱቦውን ዘይት ቀብታችሁ፣ ከቱቦው ጥቂት የሚተልቅ ንጹሕ ለስላሳ እርሳስ በእንጨት ወይም በነሐስ ዘንግ ቀስ እያላችሁ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ግፉት። ሲወጣ የቦዩን ልክ በገላው ላይ ተሸክሞ ይወጣል፤ ትልቁን ወርድ በማይክሮሜትር ለኩ። የቦዩ ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ፣ ለምሳሌ አምስት ቦይ ካለው፣ ተራ ማይክሮሜትር ስለሚሳሳት የሚያውቅ ሰው ቢያግዛችሁ ይሻላል። ከዚህ ልክ አንድ ሺኛ ኢንች የሚበልጥ ቀለበት ጥሩ መነሻ ነው። አንድ ሺኛ ኢንች ከራስ ጠጉር ውፍረት ሲሶ ያህል ነው።

ጥይቱ ካነሰ ትኩሱ ጋዝ በጎኑ እየሾለከ እርሳሱን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠውም በቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ዒላማው ይበተናል፤ ቱቦውን ማጽዳትም የቀን ሥራ ይሆናል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ሲያዩ «እርሳሱ ለስልሶ ነው» ብለው ጠንካራ ቅልቅል ፍለጋ ገንዘባቸውን ይጨርሳሉ፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የልክ ማነስ ነው። ከመጠን በላይ ከተለቀ ደግሞ ጥይቱ በማጉረሻው አይገባም፤ በግድ ቢገባም ግፊቱን ከፍ ሊያደርግ ይችላልና አታስገድዱት።

በተሽከርካሪ ሽጉጥ ላይ አንድ ሌላ ልክ አለ። ጥይቱ ወደ ቱቦው ከመድረሱ በፊት የሚያልፈው በተሽከርካሪው ጎማ ቀዳዳዎች አፍ ነው። እነዚህ ከቱቦው ቦይ የሚጠብቡ ከሆነ ጥይቱ ገና ከመነሻው ይጨመቅና ለቱቦው ያንሳል፤ ምንም ዓይነት ቀለበት ብትገዙ አይረዳችሁም፤ ጠመንጃ ሠሪ ማየት አለበት። የተስተካከለ ጥይት በእነዚያ ቀዳዳዎች በጣት ግፊት ብቻ ማለፍ ይኖርበታል።

የመሣሪያው ዓይነት በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛው ከባርሎው ዘመን የመጣው፣ ቅባት የሚቀባና ልክ የሚያስይዝ ነው። ጥይቱን ከላይ የሚገፋው ዘንግ ጫፉ ከጥይቱ አፍንጫ ቅርጽ ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ አፍንጫውን ያጣምመዋል። ሁለተኛው ጥይቱን በግርጌው ገፍቶ በቀለበቱ ውስጥ በቀጥታ የሚያሳልፍ ነው። ይህ ርካሽና ለጀማሪ የሚመች ሲሆን ቅባቱ ለብቻ ይቀባል። ዛሬ ብዙዎች በሰምና በስብ ፈንታ ጥይቱን በቀለም ዱቄት ለውሰው በምድጃ ይጠብሱታል። ይህ ሽፋን ራሱ ውፍረት ስለሚጨምር ልክ የሚያዘው ከተጠበሰ በኋላ ነው። የትኛውንም ብትመርጡ የቀለበቱ አፍ ቀስ በቀስ የሚጠብ ይሁን። ድሮ የተሠሩ አንዳንዶቹ በድንገት ስለሚጠቡ እርሳሱን ይልጡታል። ከሦስት ሺኛ ኢንች በላይ የሚቀነስ ከሆነም ጥይቱ ይዛባልና ቀለበቱን ሳይሆን ቅርጽ ማውጫውን ለውጡ።

ሁለት ነገር ሳልናገር ብዘጋ በደለኛ እሆናለሁ። የመጀመሪያው ልጆቻችሁ ናቸው። በ1776 ዓ.ም. የሊችፊልድ ልጆች እርሳስ ሲያፈስሱ መርዝነቱን የነገራቸው አልነበረም። እኛ ግን እናውቃለን። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አልተገኘም። ስለዚህ በማእድ ቤት አታቅልጡ፤ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ሥሩ፤ ለምግብ የሚሆን ዕቃ አትንኩበት፤ እጃችሁን ሳትታጠቡና ልብሳችሁን ሳትለውጡ ልጅ አትቀፉ። ውሃ ጠብታ በቀለጠ እርሳስ ላይ ቢያርፍ ፈንድቶ ፊትና ዓይን ያቃጥላል፤ መነጽር አይለያችሁ። ሁለተኛው ሕግ ነው። በአሜሪካ የተፈቀደው በአውሮፓ ፈቃድ ሊያስፈልገው፣ በዐረብ አገሮች ደግሞ ከባድ ወንጀል ሊሆን ይችላል። በአሜሪካም ቢሆን ክፍለ ግዛቱ ይለያያል፤ ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ዓ.ም. ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ከልክላለች። ከመግዛታችሁ በፊት የምትኖሩበትን አገር ሕግ ጠይቁ።

አባቶቻችን «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይላሉ። የፔንሲልቬኒያው አንጥረኛ ይህን ያውቅ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ የየራሱን ቅርጽ ማውጫ ሰጠ። የኤንፊልድ ሠሪዎች ግማሹን ብቻ አወቁ፤ ብረቱን ለክተው ሰውን ረሱ። እኛም በሱቅ መደርደሪያ ፊት ስንቆም የሚቀናን በፓኮው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ነው። ስም ግን ከአያት ይወረሳል፤ ልክ አይወረስም። ልክ በየጊዜው፣ በየዕቃው፣ በእጅ ተይዞ ይለካል።